የቆመውም የወደቀውም ይመዝገብ

የማኅበራችን የመጽሔት ኮሚቴ ደውሎ፣ «አንተ እኮ አስተምረሃል፣ ተመራምረሃል፣ ኋላም የደኅንነት አማካሪ ሆነሃል፤ ስለ ሥራ ዘመንህ ለዘንድሮው መጽሔት ጻፍልን» ሲለኝ እሺ አልኩ። ቁጭ ብዬ ስጀምረው ግን ነገሩ አልሄድ አለኝ። የማዕድን መሐንዲስ ኑሮ እንደ ሐኪም ወይም እንደ ጠበቃ ብዙ ጨዋታ አይወጣውም። ድንጋይ ታያለህ፣ ትለካለህ፣ ትጽፋለህ፤ ነገም እንዲሁ።

ያኔ ነው ገርጂ ካለው ቤቴ መደርደሪያ ሥር ሰባቱን ደብተሮች ያወጣኋቸው። ባለቤቴ ቤት በተጸዳ ቁጥር «እነዚህስ ዘንድሮም አይጣሉም?» የምትላቸው ናቸው። ጥጋቸው ላይ ጭቃ ደርቋል፣ አንዳንዱ ገጽ በዝናብ ተጣብቋል። ውስጣቸው ከኮተቤ እስከ ጎሮ፣ ከአያት እስከ ቦሌ ቡልቡላ ያየኋቸው የድንጋይ ካባዎችና የሕንፃ መሠረት ጉድጓዶች አሉ፤ የግድግዳው ቁመት ስንት እንደሆነ፣ የተሰነጠቀው የት ጋ እንደሆነ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ። ሳገላብጣቸው አንድ ነገር ገባኝ። ማስተማሩም፣ ምርምሩም፣ ምክሩም ሥራው አንድ ነው፤ አይቶ መመዝገብ። ስለዚህ የራሴን ታሪክ ትቼ የመዝገቡን ታሪክ ልጽፍላችሁ ነው። እኔም በመሐሉ ትንሽ እታያለሁ።

ከእኛ በፊት የነበሩት

ምሥራቅ አዲስ አበባ ውስጥ አለት መፈልፈል ከከተማዋ ይቀድማል። የካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እሱ ጥንታዊ ነበር። ሳስተምር ተማሪዎቼን እዚያ እወስዳቸውና «የዚህ አገር የመጀመሪያ የማዕድን መሐንዲስ ማን ይመስላችኋል?» እላቸዋለሁ። አንዱ የጣሊያን ስም ይጠራል፣ ሌላው የአንድ ሚኒስትር። እኔ ግድግዳውን አሳያቸዋለሁ። ያ ስሙን ያላወቅነው ጠራቢ የሙያችንን ትልቁን ጥያቄ መልሶታል፤ ከአለቱ ምን ያህሉ ይነሣ፣ ምን ያህሉ ይቅር? የቀረው የላይኛውን መሸከም አለበትና።

ዛሬ ሁላችን «ካባ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛው «ካቫ» የመጣ ነው። ትርጉሙ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ማለት ነው። «ካቦ» እያልን የምንጠራውም ከዚያው ሰፈር ነው። ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ ስንመረቅ «አንዱን ካባ አውልቀን ሌላው ካባ ልንገባ ነው» እያልን ስንቀልድ ነበር። ቀልዱ ለአንዳንዶቻችን የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ።

ለምን ካባ በዚህ በኩል በዛ? የአዲስ አበባ መሬት የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ቅልጥ አለት ፈስሶ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ሆኗል፤ ሌላ ጊዜ ትኩስ አመድ ወርዶ ተጋግሮ ለጥርብ የሚመች ኢግኒምብራይት ሆኗል፤ በመሐላቸው ላላ ያለ አመድና ገረጋንቲ ተኝቷል። ጠንካራው በላላው ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ዝቅ ባለው የቦሌ ሜዳ ደግሞ ኮትቻ አፈር አለ። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ለጠጠርና ለጥርብ ድንጋይ ነጋዴ ይህ መሬት በረከት ነው። ከሥሩ ለሚቆም ሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

አራት ኪሎ ያለው መሣሪያ

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመሬት ሳይንስ ገና እግሩን አልተከለም ነበር። እ.ኤ.አ. 1957–58 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲባል፣ አዲስ አበባ ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ለመለኪያ ተፈለገች። ካናዳዊው የጀስዊት ካህን ፒየር ጉዌን በዚያው ሰሞን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። በአራት ኪሎ ግቢ ያለፍን ሁሉ ያቺን ጸጥ ያለች ጥግ እናውቃታለን። ሌላው ተማሪ ወደ ካፌ ሲሮጥ እዚያ ውስጥ አንድ መርፌ የመሬትን ትርታ ሲጽፍ ይውላል።

መርፌው ሥራ አላጣም። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራረሰ። በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ ተመታች። ጉዌን ግን መሣሪያው በመዘገበው ብቻ አልረኩም። ከመሣሪያው በፊት የነበረውን ዘመን ለማወቅ ዜና መዋዕል፣ የተጓዥ ማስታወሻ፣ የሚሲዮናዊ ደብዳቤ አገላበጡ። ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት በተጻፈ ገጽ መሐል «በዚያ ወራት ምድር ተናወጠች» የሚል አንዲት መስመር ፈለጉ። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ ተነሥቶ አዲስ አበባን ያናወጠውም በዚህ ዓይነት ሥራ ቦታውን ያዘ። ይህን ሁሉ ሰብስበው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አወጡት። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ስለ ሕንፃና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የጻፈ ሰው ያንን መጽሐፍ ሳያገላብጥ አላለፈም።

ጉዌን የማዕድን መሐንዲስ አልነበሩም። እኔ ግን ሙያዬን ስቆጥር ከሳቸው እጀምራለሁ። አስተማሪ ነበሩ፣ ተመራማሪ ነበሩ፣ ሥራቸው ደግሞ መጨረሻው ሰው በቤቱ በሰላም እንዲያድር ነው። ሦስቱን ያገናኘው ያ መዝገብ ነው። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ ሌሊት ከፎቅ ቤታችን ወርደን ውጭ የቆምን የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰዎች ጎረቤት ለጎረቤት «እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ ያውቃል?» እያልን ስንጠያየቅ ነበር። ታይቶ ያውቃል። ተጽፎም ተቀምጧል።

435 ሰዎች

እኛ አራት ኪሎ በነበርንበት ዘመን የሙያው ጥያቄ «ማዕድኑ የት አለ?» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ካርታ ይሠራ ነበር፤ የሁላችን ወሬ የአዶላ ወርቅ ነበር፤ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1990 የለገ ደምቢ ማዕድን ማምረት ሲጀምር ጓደኞቻችን ወደዚያ ሄዱ። ለደሃ አገር ተገቢ ጥያቄ ነው፣ አልወቅስም። «የገቡት ሰዎች ማታ በደኅና ይወጣሉ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ግን እኔ በቅጡ የተገናኘሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ ሄጄ ነው። አስተማሪያችን በመጀመሪያው ቀን ስለ ኮልብሩክ ነገሩን።

ኮልብሩክ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነው። እንዲህ ባለ ማዕድን ከሰሉ ሁሉ አይወጣም፤ ጣራውን እንዲሸከም እንደ ምሰሶ የሚተው አለ። ብዙ ከሰል ለማውጣት ሲባል ምሰሶው እየቀጠነ፣ የተቆፈረው ከፍታ እየጨመረ ሄደ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1959 መጨረሻ አንዱ ክፍል ተደረመሰ። ሥራው ቀጠለ። በሦስት ሳምንቱ፣ ጥር 21 ቀን 1960፣ ምሰሶዎቹ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ወደቁ። 435 ሰዎች ከሥር ቀሩ፤ አስከሬናቸው እንኳ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ሃንጋሪ የተወለደው የማዕድን መሐንዲስ ሚክሎሽ ሳላሞን ከባልደረባው ከመንሮ ጋር ቀላል የሚመስል ሥራ ሠራ። በደቡብ አፍሪካ ማዕድናት 98 የቆሙና 27 የወደቁ የምሰሶ ሁኔታዎችን መዝግቦ ስፋታቸውን፣ ቁመታቸውን፣ የተሸከሙትን ክብደት አስተያየ። ከዚያ የተገኘው ቀመር እ.ኤ.አ. በ1967 ታተመ፤ የማዕድን ተማሪ ሁሉ እስከ ዛሬ ይማረዋል። ሳላሞን ኋላ በአሜሪካ የኮሎራዶ የማዕድን ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። እሱም እንግዲህ እንደ ጉዌን ነው። ማስተማር፣ መመራመር፣ ሰው ማዳን፤ ሥሩ ላይ ግን መዝገብ።

ልብ በሉልኝ፣ የወደቀውን ብቻ አይደለም የቆጠረው። የወደቀውን ብቻ ያየ ሰው ሁሉም ነገር ይወድቃል ብሎ ይፈራል፤ የቆመውን ብቻ ያየ ደግሞ ምንም አይሆንም ይላል። ድንበሩ የሚታወቀው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲጻፉ ነው።

ምሥራቁ ሲገነባ

አገሬ ተመልሼ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ከተማዋ ወደ ምሥራቅ መሮጥ ጀመረች። በ1996 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ሙከራ እዚሁ ቦሌ ገርጂ ተጀመረ፤ 750 ቤቶች። ከዚያ አያት፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ እያለ ሄደ። መንገዱ በኮብልስቶን ተነጠፈ። በቦሌ ጎዳናዎች ግራና ቀኝ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ምድር ቤት ሕንፃ ቆመ። ይህ ሁሉ ድንጋይ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ ከየት መጣ? ከጓሮ። ኮረብታው እየተበላ ከተማ ሆነ።

እኔም ቅዳሜና እሑድ ማማከር ጀመርኩ። ያኔ ነው ያስተማርኩትና መሬት ላይ ያለው ምን ያህል እንደሚራራቅ ያየሁት። መጽሐፉ ካባ ከላይ ወደ ታች፣ በእርከን በእርከን ይወሰድ ይላል። በዲጂኖና በመዶሻ የሚሠራ ወጣት ግን ከላይ አይጀምርም። ላላው ያለው ከሥር ነው፤ ስለዚህ ሥሩን ይበላል። ጠንካራው ድንጋይ ከላዩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጥቁር ድንጋይ አንድ ሜትር ኩብ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ሲቀዘቅዝ የተፈጠረ ስንጥቅ ስላለው ቀድሞም የተከፋፈለ ነው፤ የሚጠብቀው ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ስንጥቁን ሞልቶ ይገፋል። የሕንፃው ጉድጓድም ያው ነው። በበጋ ቀጥ ብሎ የቆመ የኮትቻ ግድግዳ ባለቤቱን ያታልለዋል፤ «ይኸው ቆሟል እኮ፣ ለምን ድጋፍ ላውጣበት?» ያሰኘዋል። ሐምሌ ሲመጣ ግን ያ ግድግዳ ሌላ ነው።

የተተወ ካባ ሌላ መዘዝ አለው። ክረምቱ ኩሬ ያደርገዋል፤ ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ። በየዓመቱ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ሕፃን አወጡ ሲባል እንሰማለን።

ቀኑ ደርሶ ነው

አሁን ወደማልወደው ገጽ ልሂድ። አምስተኛው ደብተር ውስጥ ነው።

አንድ ክረምት ከሰሚት ወዲያ ወዳለ ካባ ተጠራሁ። የተጠራሁት ስለ ደኅንነት አልነበረም፤ የጠጠሩን ጥራት እንዳይ ነው። ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ ከላይ፣ ከጠርዙ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ፣ ሣሩን የሰነጠቀ መስመር አየሁ። ጣቴ ይገባል። ደብተሬን አውጥቼ ቀኑን፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱን ጻፍኩ። ካቦውን ጠርቼ «ይሄ እስኪወርድ ድረስ ከሥሩ ሰው አይቁም» አልኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። «እሺ ኢንጂነር፣ ሰኞ ሎደር እናስገባለን» አለኝ። ተጨባብጠን ተለያየን።

ቅዳሜ ማታ ዘነበ። ሰኞ ማለዳ፣ ሎደሩ ሳይመጣ፣ አንድ ልጅ ቀድሞ ገባ። ክፍያው በመኪና ስለሆነ ቀደም ብሎ የጀመረ ቀደም ብሎ ይሞላል። ከወሎ የመጣ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ስለ ስንጥቁ የነገረው አልነበረም።

ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ «ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ። ይህን አባባል አልንቅም፤ ሐዘንተኛ ሌሊቱን የሚያልፍበት ቃል ነው። ስነሣ ግን የልጁ አጎት እጄን ይዞ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ እርስዎ አይተውት ነበር አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ደብተሩ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበር። ቀኑም፣ ርዝመቱም፣ ስፋቱም ተጽፏል። ለእኔ ተጽፎ ነበር፤ ሊያድነው ለሚችል ሰው ግን አልተጻፈም። «እውነት ነው» አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም። እሱም ሌላ አልጠየቀኝም፤ እጄን ለቀቀኝና ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ለወጥኩ። አንደኛ፣ ያየሁትን አደጋ በሁለት ቅጂ እጽፋለሁ፤ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ አለበት፤ አንዱ ለኃላፊው፣ ሌላው ሠራተኛው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ማንበብ የማይችል ካለ ይነበብለታል። ለዚህ አልስማማም ያለኝን ሥራ አልይዝም። ያጣሁት ሥራ ጥቂት አይደለም። ሁለተኛ፣ ያንን ገጽ ክፍል ውስጥ አስገባሁት። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አነባለሁ፤ «ኢንጂነሩ የት ጋ ተሳሳተ?» እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ስለ ግድግዳው ማዕዘን ያወራሉ። አልፎ አልፎ አንዲት ልጅ እጇን ታወጣና «ለልጁ አልነገረውም» ትላለች። ያን ቀን ያስተማርኩ ይመስለኛል።

ከደላንታ የመጣ ዜና

ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ፣ ወደ 20 የሚሆኑ ሰዎች ኦፓል ሲያወጡ ዋሻ እንደተደረመሰባቸው ሰማን። እዚያ አገር ኦፓሉ ቀጭን ንብርብር ነው፤ ገደል ወገብ ላይ ይገኛል፤ ከላዩ ከባድ አለት ተጭኖታል። ወጣቱ ንብርብሩን እየተከተለ በእጅ መሣሪያ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ድጋፍ የለም፣ ምሰሶ የሚተው የለም። ዜናውን እያዳመጥኩ የሰሚቱን ልጅ አሰብኩት። ከወሎ ገደል ሸሽቶ አዲስ አበባ ቢመጣ ያገኘው ያንኑ ገደል ነው።

ሕጉ የለም እንዳንል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር እንዲያሳውቅ ያዛል። የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1995 በማዕድን ሥራ ደኅንነት ላይ ራሱን የቻለ ስምምነት አውጥቷል። ነገር ግን በመኪና ተከፍሎት የሚውል የቀን ሠራተኛ ቀጣሪው ማን እንደሆነ በቅጡ አይታወቅም። ለቀጣሪ የተጻፈ ግዴታ እሱ ጋ ሲደርስ ባለቤት ያጣል። በዚያ ላይ ሕጉ የደረሰውን አደጋ መዝግቡ ይላል፤ ሊደርስ ሲል የተረፈውን ማን ይጻፈው? ኮልብሩክ ከሦስት ሳምንት በፊት አስጠንቅቆ ነበር። የሰሚቱም ስንጥቅ አስጠንቅቆ ነበር።

ደብተሩ የማን ነው?

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስንሰባሰብ ስለ አባይ በረሃ የመስክ ጉዞ፣ ስለ ውሃ ጥሙና ስለ መዶሻው እናወራለን፤ እናውራ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ።

ብዙዎቻችን ጡረታ ወጥተናል ወይም ልንወጣ ነው። በየቤታችን ደብተር አለ። መንገድ የሠራ፣ ግድብ የቆፈረ፣ ካባ የመረመረ፣ የቦሌን ፎቆች መሠረት ያየ ሰው ሁሉ ጽፏል። ያ ወረቀት እኛ ስናልፍ ለሱቅ መጠቅለያ ነው የሚሆነው። ማኅበራችን ይሰብስበው። የድርጅትና የሰው ስም ይውጣ፤ ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ቦታው፣ የድንጋዩ ዓይነት፣ ቁመቱ፣ ወቅቱ፣ ውሃው፣ ቆመ ወይስ ወደቀ፣ ይኸው ብቻ። ተስተካክሎ ሲጻፍ ለትምህርት ክፍሎች ይሰጥ። ዛሬ ከአራት ኪሎ ሌላ በ2003 ዓ.ም. ቂሊንጦ ላይ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የማዕድን ምህንድስና ያስተምራል። እነዚህ ልጆች የደቡብ አፍሪካን የከሰል ምሰሶ ቀመር በቃላቸው ያውቁታል። የየካና የቦሌ ድንጋይ በስንት ሜትር ቁመት፣ በየትኛው ወር እንደሚወድቅ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ግን ከእኛ ነው የሚጠበቀው።

ሳላሞን በ125 መስመር ጀመረ። ጉዌን በዜና መዋዕል መሐል ባገኟት አንዲት መስመር ጀመሩ። እኔ ሰባት ደብተር አለኝ፤ በዘንድሮው ስብሰባ ይዤያቸው እመጣለሁ። አምስተኛውንም ጭምር፣ ገጹን ሳልቀድ። ባለቤቴ በመጨረሻ ከቤት ወጡልኝ ብላ ደስ ብሏታል።

እናንተም የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ። በሰላም ያገናኘን።